አራት ድርጅት፣ አሥራ አንድ መኪና፦ የጋራ ኦፕሬሽን ማሠልጠኛ ኬዝን በአማካሪ እንደገና ያዘጋጀንበት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባል ድርጅቶቻችን ለሚልኳቸው የአስተዳደር፣ የግዢና የሎጂስቲክስ ሠራተኞች የምንሰጠው ሥልጠና አምስት ቀን ይፈጃል፤ ሦስተኛውን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሚይዘው «የጋራ ኦፕሬሽን» የተባለው ኬዝ፣ ማለትም ሠልጣኞች ተወያይተው የሚወስኑበት የማስተማሪያ ታሪክ ነው። በአንድ የዞን ከተማ የሚሠሩ አራት አገር በቀል ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ግቢ፣ መጋዘን፣ ጥበቃና መኪና በጋራ ይጠቀሙ ወይስ እያንዳንዳቸው እንደ ቀድሞው ለየብቻ ይቀጥሉ የሚለውን ሠልጣኞች እንዲወስኑ ይጠይቃል። ኬዙ የተጻፈው በ2010 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከባልደረባዬ ጋር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ስናነበው ግማሹ እንዳረጀ ተረዳን። ዶላሩ በ27 ብር ተሰልቷል፤ ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ዋጋው ከ100 ብር በላይ ነው። የናፍጣው ሊትር ከ20 ብር በታች ተጽፏል። ሹፌሮቹም ነዳጅ በጥሬ ገንዘብና በኩፖን ይቀዳሉ፤ ማደያዎች ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲቀበሉ የተደረገው ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ነው።

ቁጥር መቀየር ቀላል ነው። ከባዱ ድርጅቶቹ ለመጣመር ያነሣሣቸው ምክንያት ራሱ ከሕጉ ጋር መሻሩ ነው። ኬዙ ሲጻፍ የሚሠራው የ2001 ዓ.ም.ቱ አዋጅ ቁጥር 621 ነበር፤ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ያስገድድ ነበር፤ በኋላ የወጣው መመሪያም እንደ ሥልጠና፣ ክትትልና የመኪና ወጪ ያሉትን ጭምር በአስተዳደር ወጪ ስለመደባቸው ድርጅቶች ወጪ የሚጋሩት በአብዛኛው ከዚህ ጣሪያ ለመዳን ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን 20 በመቶ ቢያደርገውም፣ የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘው ብቻ ነው ብሎ ትርጉሙን ስላጠበበው ለፕሮጀክት የሚሠራ መኪና ከዚያ ሒሳብ ወጥቷል። ስለዚህ የዛሬ ሠልጣኝ «እነዚህ ሰዎች ለምን ይጣመራሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ኬዙ መልስ የለውም።

ከሁሉም የባሰው ግን ገጽ 4 ነው። «መኪናቸውን ቢያጣምሩ 11 የነበረው ወደ 7 ይወርዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩም የሚቆጠበው ገንዘብ አለ። ሠልጣኙ ይህን አንብቦ መልሱን ይመልስልናል፤ ሦስት ሰዓት የተመደበለት ውይይት በሃያ ደቂቃ ያልቅና የቀረውን ጊዜ በሻይ እንሞላዋለን። አማካሪ እንድንቀጥር ተስማማን።

ጥቅምት 14

ቢጋሩን፣ ማለትም ከአማካሪው የምንፈልገውን ሥራ የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ እኔ ጻፍኩት። ሁለት ገጽ ነው። «ኬዙን በወቅታዊ መረጃ ማሻሻል» ይላል።

ኅዳር 2

ዘጠኝ ተወዳዳሪዎች ሐሳብ አቀረቡ፤ ሁሉንም አነበብናቸው፤ ሰባቱ ያቀረቡት የጽሑፍ አርትዖት ነው። አንዱ «ስድስት ሥዕላዊ መግለጫ እጨምራለሁ» ይላል፤ ሌላው ኬዙን ወደ 40 ገጽ ሊያሳድገው ነው። መጀመሪያ በአማካሪዎቹ ተበሳጨሁ፤ በኋላ ቢጋሩን መልሼ ሳነበው ስሕተቱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። «ማሻሻል» ብዬ ጠየቅሁ፣ ማሻሻል አመጡልኝ። ሠልጣኙ ከክፍሉ ሲወጣ ምን መወሰን መቻል እንዳለበት አንድም ቦታ አልጻፍኩም። ጨረታውን ሰርዘን እንደገና እንድናወጣ ለግዢ ባለሙያችን ነገርኳት፤ ፊቷ ብዙም ደስ አላለውም፤ ሆኖም ሰረዝነው።

ኅዳር 9

ሁለተኛው ቢጋር አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ቢያጥርም የበለጠ ይጠይቃል። ሠልጣኙ ሦስት ውሳኔ እንዲወስን ይፈልጋል፦ ምን ይጋራሉ፣ ወጪው በምን ስሌት ይከፈላል፣ ለሁሉም በማይበቃበት ቀን ማን ይቀድማል። አማካሪው በሥራ ላይ ያለ የጋራ ግቢ ሄዶ ማየት፣ ረቂቁን በእውነተኛ ሠልጣኞች ሁለት ጊዜ መሞከርና ለአሠልጣኙ መምሪያ መጻፍ ይኖርበታል። «የኬዙ መልስ በኬዙ ውስጥ መገኘት የለበትም» የምትለውን ሐረግ ባልደረባዬ ጨመረበት፤ በኋላ ከሁሉ የጠቀመችን እርሷ ናት።

ታህሳስ 1

ሦስት ተጫራቾች ቀርበው ነበር። የቴክኒክ ነጥቡ ከ70፣ የዋጋው ከ30 ሲሆን፣ ከቴክኒኩ 49 ያላመጣ የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት ይመለስለታል። አንዱ 44 አመጣና ተመለሰለት። የቀሩት 61 እና 55 አገኙ፤ ዋጋቸው ሲከፈት ባለ 61ዷ 420,000 ብር፣ ባለ 55ቱ 350,000 ብር ጠይቀዋል። ዝቅተኛው ዋጋ ሙሉውን 30 ሲወስድ የእርሷ 25 ይሆናል፤ ድምሩ 86 ለ 85። በአንድ ነጥብ! ምዘናውን 60 ለ 40 ብለነው ቢሆን ኖሮ አሸናፊው ሌላው ነበር። ኮሚቴው ይህን በቃለ ጉባኤ እንዲያሠፍር አድርጌያለሁ፤ በኋላ የሚጠይቅ ኦዲተር አይጠፋምና። እኔን ያሳመነኝ ነጥቡ ሳይሆን የአሸናፊዋ የመወዳደሪያ ሐሳብ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የተላከልኝ ኬዝ መጋራት የሚጎዳውን ሰው አያሳይም።»

ታህሳስ 10

ውል ተፈረመ። ክፍያው ሦስት ጊዜ ነው፦ ለመነሻ ሪፖርቱ 84,000፣ ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ 210,000፣ የመጨረሻው ሰነድ ሲጸድቅ 126,000 ብር። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ በላዩ ይታሰባል፤ ከዋናው ክፍያ ላይ ደግሞ የዚህ ዓመት መጠን የሆነውን 2 በመቶ ቅድመ ግብር ይዘን እናስቀራለን። አማካሪዋ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸውንና የንግድ ፈቃዳቸውን አስቀድመው ስላቀረቡ ጣጣ የለበትም፤ እነዚህን የማያቀርብ 30 በመቶ እንደሚቀነስበት ዘንድሮ በሌላ ጨረታ ለአንድ ተጫራች ማስረዳት ከብዶን ነበር።

ታህሳስ 22

የመነሻ ሪፖርታቸው ደረሰ። አሮጌው ኬዝ የሚከፈተው በተባበሩት መንግሥታት ታሪክ ነው፤ የ2006 እ.ኤ.አ.ውን «እንደ አንድ ሆኖ መሥራት» ሪፖርት፣ በ2007 በሙከራ የጀመሩትን ስምንት አገሮች፣ ከእነዚህም ውስጥ ሩዋንዳን፣ ታንዛኒያን፣ ቬትናምን ይዘረዝራል። አማካሪዋ ይህን ሁሉ ሰርዘው ከተባበሩት መንግሥታት ማሻሻያ የወሰዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በ2018 የኤጀንሲዎቹ ኃላፊዎች የፈረሙትን የእርስ በርስ ዕውቅና። አንዱ ድርጅት በደንቡ መሠረት ያካሄደውን ጨረታ ሌላው እንደገና ሳያካሂድ ይቀበለዋል ማለት ነው። «የእናንተ አባላት የሚያስፈልጋቸው ይህ ነው፤ አራት ድርጅት ለአንድ ጀነሬተር ጥገና አራት ጊዜ ፕሮፎርማ ሲሰበስብ አይቻለሁ» ብለዋል። ተስማማን።

በስብሰባው ላይ ስለ ስያሜው ያልጠበቅሁት ክርክር ተነሣ። «የጋራ» ስንል የሁሉም የሆነ፣ ስለዚህም ጠባቂ የሌለው ነገር ይመስላል የሚል ነው። አማካሪዋ ደቦንና ወንፈልን አነሡ፦ ደቦ የጠራ ሰው ምግብና ጠላ ያቀርባል እንጂ የሰውን ጉልበት በቀኑ ልክ አይመልስም፤ ወንፈል ግን ቀን ለቀን የሚመለስ ነው። ድርጅቶቹ ደቦ እንደሆነ አስበው ይገቡና በስድስተኛው ወር ወንፈል እንደነበረ ይገባቸዋል አሉ። ስያሜውን አልቀየርነውም፤ ይህ ንግግር ግን በአሠልጣኙ መምሪያ ውስጥ ይገባል።

ጥር 16፣ ያቤሎ

አማካሪዋ የመረጡት ቦታ ቦረና ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ብዙ ድርጅቶች ወደዚህ መጥተዋል፤ አንዳንዶቹም ግቢ ተጋርተው ቀርተዋል። በሕጋችን መሠረት ግቢውንም ድርጅቶቹንም አልጠቅስም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ስንደርስ የስምሪት ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ነበር። ከቢሮው ግድግዳ ላይ አንድ ጣውላ ተመትቶ በላዩ ምስማሮች ተደርድረዋል፤ የመኪና ቁልፍ ሁሉ እዚያ ይሰቀላል፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ታስሯል። ቀዩ የአንዱ ድርጅት፣ ሰማያዊው የሌላው ነው። «የጋራ ከሆኑ ክሩ ለምን አስፈለገ?» ብለው አማካሪዋ ጠየቁት። «ክሩን ፈትቼ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸው መልሰው አሰሩት» አላቸው።

ከሃርድቶፕ ሹፌሮቹ አንዱ በዕድሜ የገፉ ናቸው። አማካሪዋ «ጋሼ፣ መኪናዎን ሌላ ድርጅት ሲወስደው ምን ይሰማዎታል?» ሲሏቸው፣ ወደ ኋላ በር ሄደው ከፈቱና መጠባበቂያ ጎማውን፣ ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን አንድ በአንድ አሳዩአቸው። «ልጄ፣ እኔ የማየው ይኸን ነው። ሲመለስ ክሪኩ ካለ መጋራቱ ጥሩ ነው» አሉ። ባለፈው ዓመት አንድ መኪና ክሪኩን ለሌላው ሰጥቶ ስለነበር ጎማ ፈንድቶበት አንድ ሌሊት በረሃ አድሯል። በአሮጌው ኬዝ ስለ ክሪክ የሚል ነገር የለም፤ ስለ «ሲነርጂ»፣ አብሮ መሥራት ያመጣዋል ስለሚባለው ትርፍ፣ ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ።

ዋናውን ነገር ያገኘነው ከስምሪት መዝገቡ ነው። አማካሪዋ ግማሽ ቀን ተቀምጠው መዝገቡን ቀን በቀን ገለበጡት፤ ማታ በሆቴሉ ቁጥሩን ለኬዙ እንዲመች አጠጋግተው ሠንጠረዥ አወጡ። 26 የሥራ ቀናት፣ 11 መኪናዎች። በ13ቱ ቀናት 4 መኪና ብቻ ወጥቷል፤ በ8ቱ ቀናት 6፤ በ5ቱ ቀናት ግን 11ዱም ወጥተዋል። አማካዩ በቀን 6 መኪና ነው፤ አሮጌው ኬዝ «7 ይበቃል» ያለው እንዲህ ያለውን አማካይ ይዞ ነው። በ7 መኪና ግን በእነዚያ አምስት ቀናት በየቀኑ አራት ጉዞ ይቀራል፤ በወር ሃያ ጉዞ ማለት ነው። እነዚያ ቀናት ደግሞ ተራ ቀናት አይደሉም፤ የእርዳታ እደላው፣ የውኃ ቦቴው፣ የክትባቱና የምግብ እጥረት ልየታው በአንድ ሳምንት የሚገጣጠሙባቸው ናቸው። መጋራት የሚያተርፈው አንዱ ሲፈልግ ሌላው ካልፈለገ ነው፤ ድርቅ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ያስፈልጋቸዋል። ይህን አርባ ጊዜ ባሠለጠንኩበት ኬዝ አለማየቴ አሳፍሮኛል።

«የጎደለውን እንከራያለን» የሚለው መልስም ወዲያው ይመጣል። አማካሪዋ በኬዙ የኪራዩን ዋጋ በቀን 12,000 ብር አድርገውታል፤ ሃያ ጉዞ 240,000 ብር ይሆናል። አራቱን መኪና ይዞ መቆየት ደግሞ በሹፌር፣ በመድንና በጥገና በወር 280,000 ብር ነው። በወረቀት ኪራይ ያዋጣል። ነገር ግን ሌሎች ድርጅቶችም በዚያው ሳምንት መኪና ፍለጋ ይወጣሉና የሚከራይ አይገኝም።

ጥር 17

የስምሪት ኃላፊው የአካባቢው ተወላጅ ነው። መኪና ሲያንስ ማን እንደሚቀድም እንዴት እንደሚወስን ስንጠይቀው ሳቀና ወደ ዔላ፣ ወደ ውኃ ጉድጓዱ፣ ወሰደን። ጥልቅ በሆኑት የቦረና ቱላ ጉድጓዶች ከብት የሚጠጣው በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስከብር አባ ሄረጋ የሚባል ሰው አለ፤ የጉድጓዱ ባለቤት፣ ጎሳውና እንግዳው ቅደም ተከተላቸው የታወቀ ነው። «ተራው ውኃው ሲያንስ አይወሰንም፤ ውኃ ሳለ የተወሰነ ነው። እኛ ግን ማን ይቅደም የምንባባለው መኪናው ሊወጣ ሲል ነው» አለ። አማካሪዋ ይህን ቃል በቃል ጻፉት።

የካቲት 6

የመጀመሪያው ረቂቅ ደረሰ። ኬዙ አሁን ሁለት መድረክ አለው። በመጀመሪያው ዝናቡ ደህና ነው፤ አራቱ ድርጅቶች፣ ማለትም የውኃው፣ የአልሚ ምግቡ፣ የጥሬ ገንዘብ ድጋፉና የእንስሳት ጤናው፣ የጋራ ስምምነት ይጽፋሉ። በሁለተኛው መድረክ ግን ሦስተኛው ተከታታይ ዝናብ ከሽፏል፤ ያንኑ ስምምነታቸውን ይዘው ያንን የአምስት ቀን ሳምንት ማለፍ አለባቸው። እያንዳንዱ ቡድን ሌላው የማያውቀው አንድ ገጽ ይሰጠዋል። ለምሳሌ የአልሚ ምግቡ ድርጅት ሁለት መኪኖች ከቀረጥ ነፃ የገቡና ለጋሹ ለሌላ ዓላማ እንዳይውሉ የከለከላቸው ናቸው፤ የጥሬ ገንዘቡ ድርጅት የመድን ውል ደግሞ የሚሸፍነው የራሱን ሠራተኞች ብቻ ነው። እነዚህ በስብሰባ ላይ የማይነገሩ፣ መኪናው ሲጋጭ ብቻ የሚወጡ ነገሮች ናቸው።

የግቢው ወጪ ስሌት ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን። በወር 240,000 ብር ነው፦ ኪራይ 100,000፣ ጥበቃ 60,000፣ ጀነሬተር 80,000። እኩል ቢካፈሉት ለየራሳቸው 60,000 ይደርሳቸዋል። በጠረጴዛ ብዛት ከተከፈለ ግን 12፣ 6፣ 4 እና 2 ጠረጴዛ ስላላቸው የእንስሳት ጤናው ድርሻ 20,000 ብቻ ነው፤ በተፈጥሮ እርሱ የሚከራከረው ለዚህ ነው። በድብቁ ገጽ ላይ ግን የክትባት ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ እንደሚሠራና የጀነሬተሩ ነዳጅ ግማሹ ለእርሱ ብቻ እንደሚነድ ተጽፏል። ይህ ሲወጣ ድርሻው 40,000 ሲደመር ከቀሪው 200,000 አሥራ ሁለተኛው፣ ማለትም ወደ 56,700 ብር ይሆናል። ከሸሸው እኩል ክፍያ አጠገብ ተመለሰ። ሒሳብ ክፍላችን ይህን ሲያይ ሳቀ፤ በሠልጣኞች ፊት ያስቃል ወይስ ያጣላል የሚለውን ገና እናያለን።

የካቲት 26፣ አዳማ፣ የመጀመሪያው ሙከራ

ሃያ አራት ሠልጣኞች ነበሩ። ሁለት ነገር ከሸፈብን።

አንደኛው፣ ሁለተኛው መድረክ ሲጀመር አራቱም ቡድኖች በአንድ ድምፅ «ለጋሹን ተጨማሪ መኪና እንጠይቅ» አሉና ውይይቱ ቆመ። በእውነተኛ ሥራቸው የሚያደርጉትም ይህንኑ ስለሆነ ልንወቅሳቸው አልቻልንም።

ሁለተኛው የሚያስቅ ነው። የቦረናን ዋና ዝናብ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበውን፣ በስሙ «ገና» ብለን ጽፈነው ነበር፤ አጭሩ፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ያለው፣ ሐጋያ ነው። ከቦረና የመጡት ሁለት ሠልጣኞች ወዲያው ገባቸው፤ የቀሩት ግን ገናን በዓሉ መስሏቸው የሥራ ብዛቱን በሙሉ ወደ ታህሳስ አዛወሩት። አንዱ ቡድን እንዲያውም «በበዓል ሰሞን መኪና ስለሚወደድ» የሚል ማብራሪያ አክሎበታል። ረቂቁን እኔ፣ ባልደረባዬና አርታኢው ሦስት ጊዜ አንብበነዋል፤ ማንም አላየውም።

በጀነሬተሩ ላይ ግን ተጣሉ። ጥሩ ጠብ ነበር፤ አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ የእንስሳት ጤናው ቡድን ድብቁን ገጽ እስከ መጨረሻው አላወጣውም።

መጋቢት 11

ማስተካከያው ገባ። በሁለተኛው መድረክ መጀመሪያ ላይ የለጋሹ የእምቢታ ደብዳቤ ይታደላል፤ ግማሽ ገጽ ናት፣ «በዚህ የበጀት ዓመት» ብላ ትጀምራለች፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያልደረሰው ሠልጣኝ የለም። ዝናቦቹ «የመጋቢት ዝናብ» እና «የጥቅምት ዝናብ» ተብለዋል፤ የአፋን ኦሮሞው ትርጉም ግን ስማቸውን እንደያዘ ይቀራል። ሁለተኛው ክፍያ ተፈጸመ።

መጋቢት 27፣ ሁለተኛው ሙከራ

ሦስት ሰዓቱ አልበቃም፤ ከምሳ በኋላ ቀጠልን። ከቡድኖቹ ሁለቱ መኪና ለመጋራት እምቢ ብለው መጋዘኑን፣ ጥበቃውንና ግዢውን ብቻ ተጋሩ፤ ምክንያታቸውን በሠንጠረዡ አስደግፈው አቀረቡ። አንዱ ቡድን ደግሞ የቅድሚያ ተራውን በመጀመሪያው መድረክ፣ ማንም ሳይጠይቀው ጽፎት ስለነበር ያን ሳምንት ከሌሎቹ በግማሽ ሰዓት ቀድሞ ጨረሰ። የተጻፈው ተራ ራሱን በሦስተኛ ደረጃ ያስቀምጠዋል፤ ጸሐፊያቸው ይህን ሲያነብ ድምፁ ትንሽ ቀነሰ።

ሚያዝያ 8

የመጨረሻው ሰነድ ጸደቀ፤ ኬዙ 11 ገጽ፣ የአሠልጣኙ መምሪያ 9 ገጽ ነው። ሒሳብ ክፍል ክፍያውን ከመልቀቁ በፊት «የኬዙ መልስ የት አለ? በሌለበት ሥራው መጠናቀቁን በምን እናረጋግጥ?» ብሎ ጠየቀ። ያቺን የባልደረባዬን ሐረግ ከቢጋሩ ቀድቼ፣ በመምሪያው ውስጥ ቡድኖች ሊደርሱባቸው የሚችሉትን ሦስት መጨረሻዎችና እያንዳንዱ የሚያስከፍለውን ዋጋ ከሚያሳዩት ገጾች ጋር አያይዤ ላክሁለት። በሁለተኛው ቀን 126,000 ብሩ፣ 2,520 ብር ቅድመ ግብር ተቀንሶለትና ታክሱ ተጨምሮበት፣ ወጣ።

ከያቤሎ የስምሪት ኃላፊው ትናንት ደውሎ የ26 ቀኑን ሠንጠረዥ ጠይቆኛል፤ ለአራቱ አስተባባሪዎች የወሩ ስብሰባ ላይ ሊያሳያቸው ነው። ልኬለታለሁ።